ባቲ ላይ ቁጭ ብለው የሰገዱት እናት

ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና እያከራየን የጉዞ ፕሮግራም የምናወጣ ሦስት ሰዎች ነን። የኔ ድርሻ ዕቅዱ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የት ምሳ እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር እኔ ነኝ የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት ልጅ ከሪያድ ለእረፍት መጣች። ቤተሰቦቿ ደሴ ናቸው። ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ መጀመሪያ የተመኘችው እናቷን ይዛ ዓፋር መውረድ ነበር። ስልኳን አውጥታ የአፍዴራን ሐይቅ አሳየችኝ። ነጭ የጨው ክምር፣ አረንጓዴ ውኃ፣ ጥቁር ድንጋይ። በእውነት ልብ ይወስዳል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው።

«ሦስት ቀን አለን» አለችኝ። «እማዬ ወገቧን ትንሽ ያማታል፣ ግን ትችለዋለች።»

ማስታወሻዬ ላይ «ወገብ» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ላንድክሩዘሩ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ወፍራም ትራስ አስቀመጥኩ። ሲደክማቸው ጋደም ይላሉ ብዬ ነው። ለወገባቸው ያሰብኩት በቃ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሰኞ አደረግሁት፤ የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ስለሆነ። ማታ ሰመራ እንገባለን። ከደሴ ሰመራ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከደሴ ብርድ ተነስቶ ከ500 ሜትር በታች ወዳለ ሙቀት መውረድ ነው። ያውም በጠመዝማዛ፣ ያውም ከጂቡቲ ጭነው ከሚወጡ ተሳቢዎች ጋር እየተጋፉ።

ከደሴ በጠዋት ተነሳን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እማማ ኋላ ሆነው በሁለት እጃቸው የፊቱን ወንበር ጨብጠዋል። «ደህና ነዎት እማማ?» ስላቸው «አብሽር ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ውኃ ስሰጣቸው ግን አልጠጡም። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ባቲ ገበያው ደምቆ ጠበቀን። ግመል ከዓፋር ቆላ ወጥቷል፣ የደጋው እህል ከላይ መጥቷል፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ዓፋርኛውም አንድ ላይ ይንጫጫል። ቅኝት በስሙ የተጠራለት አገር እኮ ነው። ልጅቱ ቪዲዮ ትቀርጻለች። እማማ ትንሽ ዞር ዞር ካሉ በኋላ ፊታቸው በራ። ሲራመዱ እንደሚሻላቸው አይቻለሁ፤ ግን አላሰብኩበትም።

ምሳ በላንና የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ደረሰ። እማማ የምግብ ቤቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ዝቅ ያለች የሲሚንቶ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ሰገዱ። ግንባራቸው መሬት አልነካም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ። ሲጨርሱ ግድግዳውን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በሁለት ጊዜ ተነሱ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። «አላህ ይቀበልዎት» ብዬ ወደ መኪናው መራኋቸው።

ከባቲ ወደ ኤሊውሃ ስንወርድ አንድ ተሳቢ መንገዳችን ላይ ገባ። ሹፌራችን ፍሬን ይዞ ወደ ዳር ወጣ። ትክክል ነው ያደረገው። የኋላ ጎማው ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለ። እማማ አልጮሁም። «ያ አላህ» ብቻ አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል፤ መተንፈስም ፈርተዋል። ልጅቱ ልታነሳቸው እጇን ስትዘረጋ «ተይኝ፣ አትንኪኝ» አሏት።

ጸሐይ አናታችን ላይ ናት። ግራር እንኳ የለም። እዚያ የቆምንባት ግማሽ ሰዓት ከልቤ አትወጣም።

በእግር ፍጥነት እየተጎተትን ባቲ ተመለስን። ጤና ተቋሙ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘን። ስትጠይቅ ልጅቱ ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች። «ትንሽ ነው የሚያማት፣ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው» ትላለች። ሐኪሟ በትሕትና «እሳቸው ይንገሩኝ» አለቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እማማ ጠጋ አደረገች። እግርዎ ይደነዝዛል? ይዝልብዎታል? ሽንትዎን መቆጣጠር ያቅትዎታል? መቀመጫዎ አካባቢ የማይሰማዎት ቦታ አለ? ወድቀው ያውቃሉ? አከርካሪያቸውን አንድ በአንድ ነካካች። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ሳይውል ሳያድር ትልቅ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ነገረችን። በዚህ ዕድሜ አጥንት ስለሚሳሳ አንዲት ዝላይ አከርካሪን ልትሰብር ትችላለች። ደግነቱ አንዱም አልነበረም። ጡንቻቸው ነው የተያዘው።

ያኔ ነው እማማ ያወሩት። ከረመዳን ጀምሮ ሱጁድ መውረድ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው መስገድ፣ አቅቷቸዋል። ልጃቸው እንዳትሰማ በስልክ ደብቀዋታል። ቦርሳቸው ውስጥ የማስታገሻ ክኒን አለ፤ በጠዋት ሁለት ውጠዋል። ውኃ ያልጠጡት ደግሞ መንገድ ላይ መኪና ማስቆም አፍረው ነው። ሐኪሟ ይሄን ስትሰማ ደነገጠች። ሰውነት በደረቀበት ሙቀት ውስጥ ያ ክኒን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። እኔ ደግሞ የሦስት ቀን ዕቅድ ስጽፍ አንዲት የሽንት ቤት ማረፊያ አልጻፍኩም ነበር።

«እንዲህ እያመመዎት ለምን መጡ?» አለቻቸው ሐኪሟ።

ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የአሰብ መንገድ ሹፌር። ከ1990 ዓ.ም. በፊት፣ በአሰብ ወደብ እንጠቀም በነበረበት ጊዜ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያ፣ በሰርዶ ይወርዱ ነበር። ሲመለሱ ለእማማ የሚያወሩት ስለ አዋሽ ወንዝ ነው። ሌሊት እዚያ ቆመው ፊታቸውን እንደሚታጠቡ። «እሱ የታጠበበትን ውኃ ልይ ብዬ ነው» አሉ እማማ። ልጅቱ ይሄን ሰምታ አታውቅም። አፍዴራን የመረጠችው እሷ ናት። እኔም የጠየቅኩት እሷን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ለኔም ነገረችኝ። የኋላ ወንበር ከኋላ ጎማው ላይ ስለሆነ መኪናው ሲዘል ዱላው እዚያ ይበረታል። ለስላሳ ትራስ ደግሞ ሰውን ያሰምጣል፣ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል፣ የወገብ ታች ይጎብጣል። ጋቢና ይቀመጡ፣ ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንበል፣ የተጠቀለለ ፎጣ ወገባቸው ጋ ይደረግ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ። አልጋ ላይ ቀናት መዋልም ለወገብ አይበጅም አለች። በልክ መንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ።

ጉዞው ስለቀረ ገንዘቡን ለልጅቱ መለስኩላት። አልቀበልም ብላ ነበር፣ በግድ ሰጠኋት።

ጥር ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እማማም የወገብ እንቅስቃሴ ሲለማመዱ ከርመው፣ እንደገና ወጣን። ልጅቱ ፈቃዷን አስረዝማ ነበር። ዕቅዱን ይዤ ደሴ ቤታቸው ሄድኩና እሳቸው ፊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ስንት ጊዜ መቆም ይፈልጋሉ? ሲወርዱ ማን ይያዝዎ? ውኃ የሚጠጡት መቼ ነው? ኪሎ ሜትሩን ትተን በመቀመጫ ቆጠርነው፤ አንድ መቀመጫ ማለት ወርደው እስኪራመዱ ድረስ መኪናው ውስጥ የሚቀመጡባት ግማሽ ሰዓት ናት። ባቲ አደርን። በማግስቱ ኤሊውሃ ቆምን፣ መሐል መንገድ ቆምን፣ ሚሌ ቆምን። ሹፌራችን የጎማውን ንፋስ በልኩ አድርጎታል፤ ጉድጓድ ሲያይ ከሩቁ ነው የሚያበርደው።

አዋሽ ወንዝ ስንደርስ እማማ ሁለቱን እግራቸውን አንድ ላይ አዙረው፣ የበሩን እጀታ ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። ውኃው ቡናማ ነው፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ልጃቸው በላስቲክ ጆግ ቀድታ አመጣችላቸው። ፊታቸውን ታጠቡ። ሻርፓቸው ርሶ አንገታቸው ላይ ተጣበቀ፤ አላበሱትም።

ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣

«ሰርዶ ከዚህ ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሁለት መቀመጫ ነው እማማ።»

ፎጣውን አስተካክለው ወደ ጋቢናው ሄዱ።