ስታጃ፣ ሜትር እና መቶ የወንዝ ድንጋይ

ባለፈው ጥር ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ በሚገኝ የቦርከና ወንዝ ጠጠራማ ክፍል ሁለት ቀን ጎንበስ ብዬ ዋልኩ። ምክንያቱ አንድ ቁጥር ነበር። ለአነስተኛ ድልድይ የጎርፍ ከፍታ ስናሰላ የውሃን ፍጥነት ከጥልቀት፣ ከተዳፋትና ከሸካራነት በሚያሰላው የማኒንግ ቀመር ውስጥ የወንዙን ወለል ሸካራነት የሚወክለው ኤን (n) 0.035 ተብሎ ተቀምጦ አገኘሁትና ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ከቀድሞው ሪፖርት» ተባልኩ፤ የቀድሞው ሪፖርትም ከእሱ በፊት ከነበረው የተገለበጠ ነበር። ይህ ቁጥር ከ0.03 ወደ 0.045 ቢያድግ በተመሳሳይ ጥልቀትና ተዳፋት የውሃው ፍጥነት በሲሶ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ የቀነሰ ጎርፍ ደግሞ ያንኑ የውሃ መጠን ለማሳለፍ ከፍ ብሎ መሄድ ስላለበት፣ ስህተቱ የሚያርፈው በድልድዩ ቁመት ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን የዋልነው የወንዝ ተመራማሪው ዎልማን በ1954 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ ድንጋይ በመቁጠር ነው። ወለሉ ላይ እየተራመዱ፣ በየእርምጃው ሳያዩ ጣትን ከጫማ ጫፍ አጠገብ አውርዶ መጀመሪያ የተነካውን ድንጋይ ማንሣትና መቶ እስኪሞላ መለካት ነው። አብሮኝ የነበረው ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ድንጋዮች ለእጅ የሚመቹትን ብቻ ሲመርጥ ስላየሁ መዝገቡን ሰርዘን እንደገና ጀመርን። የሚለካው ረጅሙ ወይም አጭሩ ጎን ሳይሆን መካከለኛው ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ ረጅሙን ጎን እየለካሁ አንድ ሙሉ ቀን አባክኛለሁ። አሁን ግን ከኮምፖርሳቶ የተቆረጠ፣ 16፣ 22.6፣ 32፣ 45፣ 64፣ 90 እና 128 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት ሰሌዳ ስለምጠቀም ድንጋዩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ራሱ ይፈርዳል። ከመቶው ግማሹ ከ45 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 84ቱ ደግሞ ከ110 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሱ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ቀላል ይመስላል። በ1923 እ.ኤ.አ. የወጣው የስትሪክለር ቀመር ከድንጋዮቹ ግማሹ የሚያንሱበትን መጠን (እዚህ 45 ሚሊ ሜትር) በሜትር ወስዶ ስድስተኛ ሥሩን ለ21.1 ያካፍላል፤ ውጤቱም 0.028 ነው። ስድስተኛ ሥር በመሆኑ የድንጋዩን መጠን በእጥፍ ብሳሳት እንኳ ኤን የሚጨምረው በ12 በመቶ ብቻ ነው። ይህ መጀመሪያ ያጽናናኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ያስጠረጥረኝ ጀመር። ሊመሪኖስ የተባለ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ጅረቶች ልኬት ያዘጋጀውና ጥልቀትን ከትልልቆቹ ድንጋዮች ጋር የሚያነጻጽረው ቀመር ከእነዚያው መቶ ድንጋዮች በግማሽ ሜትር ጥልቀት 0.041፣ በ2 ሜትር ጥልቀት ደግሞ ወደ 0.034 ይሰጣል። ድንጋዮቹ አልተለወጡም፤ ውሃው ከፍ ሲል ግን ተጽዕኗቸው ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ቋሚ ቁጥር ከሪፖርት ወደ ሪፖርት መገልበጡ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

በእኔ እምነት ግን የቆጠራው ትልቁ ጉድለት ድንጋዩን ከቦታው ማንሣቱ ነው። ጎርፍ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርቦ ይተዋቸዋል፤ መዳፌን ከውሃው ጋር ወደ ታች ስስበው ይንሸራተታል፣ ወደ ላይ ስመልሰው በየጠርዙ ይጋጫል። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ መኪናዎች ጠጠር የሚጭኑበት ቦታ አለ። ድንጋዮቹ በመጠን ያው ናቸው፤ ሆኖም ተገለባብጠው አንዳንዱ በጠርዙ ቆሟል። በቆጠራ መዝገቡ ላይ ሁለቱ ቦታዎች አይለዩም።

ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ግንበኞች ስታጃ የሚሉትን የ2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በውሃ ልክ አስተካክለን አጋደምን፤ ከእሱ እስከ ወለሉ ያለውንም ርቀት በየ2 ሴንቲ ሜትሩ በብረት ማስመሪያ ለካን። ከንባቦቹ መጀመሪያ የወንዙን ተዳፋት መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቁልቁለቱ ራሱ ሸካራነት ሆኖ ይቆጠራል። የቀሩት ከፍታዎች መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን፣ ወለሉ ምን ያህል ወጣ ገባ እንደሆነ በሚሊ ሜትር ይነግራል። ስታጃውን በውሃው አቅጣጫ ሳጋድመውና ወንዙን አቋርጬ ሳጋድመው ግን ውጤቱ የተለያየ ነው። ከዚህም በላይ፣ ንባቦቹን ከላይ ወደ ታችም ሆነ ከታች ወደ ላይ ባነብ ልይይቱ ያው ስለሆነ መዳፌ ወዲያው የለየውን አቅጣጫ አይለይም። እሱን ለማየት ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ስንት ጊዜ ከፍታው እንደጨመረና እንደቀነሰ ለየብቻ ቆጠርኩ፤ በተደራረበው ወለል ላይ፣ ከውሃው ጋር ሲኬድ፣ ዝግ ያሉ ዳገቶች ይበዛሉ፣ ቁልቁለቶቹ ጥቂትና ድንገተኛ ናቸው።

ማስመሪያውም ቢሆን በድንጋይ ሥር የተሸሸገውን ክፍተት አያይም። በስልክ ተደራራቢ ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር የወለሉን ቅርጽ ማውጣት ወገብ ያሳርፋል፤ እርጥብ ድንጋይ ሲያብረቀርቅ ግን ምስሉ ይበላሻል፣ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ አብሮ ካልተነሣም መጠኑ ትርጉም የለውም።

ለድልድዩ ስሌት አንድ ቁጥር መስጠቱን ትቼ ከ0.034 እስከ 0.042 ባለው ክልል ሁለት የጎርፍ ከፍታ አወጣሁ። ስታጃው ያረፈባቸውን ሁለት መስመሮች ጫፎች ዳር ባሉ ቋጥኞች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ተመልሼ እዚያው ላይ አጋድመዋለሁ።