ለኦቨርድራፍት ከመፈረም በፊት

በአሜሪካ ክሬዲት ዩኒየን ቼኪንግ አካውንት (ለዕለት ተዕለት ወጪ የሚያገለግል ሂሳብ) ለመክፈት የተቀመጠ ሰው ከሚቀርቡለት ቅጾች መካከል ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚፈረመው፣ በሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ወጪ ቢመጣበት ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ የሚጠይቀው ነው። ሠራተኛዋ «ኦቨርድራፍት ፕሮቴክሽን ይፈልጋሉ?» ስትል «አልፈልግም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ጥበቃ ማን ይጠላል? ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚሰጡት አገልግሎቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ በነጻ የሚሠራውን ሌላው 30 ዶላር ያስከፍልበታል። ስለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ከራስ ቁጠባ ማዛወር ነው። ክሬዲት ዩኒየን እንደ አገር ቤቱ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ ንብረትነቱ የአባላቱ በመሆኑ፣ አዲስ አባል የአባልነት ድርሻውን፣ ብዙ ጊዜ 5 ዶላር የምትሆነውን፣ የሚያስቀምጥበት የቁጠባ ሂሳብ ይከፈትለታል። ይህ ሂሳብ ከቼኪንጉ ጋር ከተያያዘ የጎደለው ገንዘብ ከዚያ ተስቦ ይሞላል፤ ክፍያ ካለውም ጥቂት ዶላር ቢሆን ነው። ብድር ስላልሆነ ወለድ የለውም፤ ወለድ መክፈል በሃይማኖታቸው ለተከለከለ ወገኖቻችንም የሚስማማው ይኸው ነው። በእርግጥ ቁጠባው ባዶ ከሆነ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው የብድር መስመር ነው። እንደ ማንኛውም ብድር ማመልከቻ ይሞላበታል፣ የክሬዲት ታሪክም ይታይበታል፤ ወለዱ ግን የሚታሰበው በተወሰደው ገንዘብና ገንዘቡ ሳይመለስ በቆየባቸው ቀናት ልክ ብቻ ነው። በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩ ክሬዲት ዩኒየኖች በዚህ ዓይነቱ ብድር ላይ በዓመት ከ18 በመቶ በላይ ወለድ መጠየቅ አይችሉም። በዚህ ጣሪያ እንኳ ቢሰላ፣ 100 ዶላር ለ10 ቀናት የወሰደ ሰው የሚከፍለው ወለድ 50 ሳንቲም ገደማ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች «ከርተሲ ፔይ» የሚሉት ነው። ሂሳቡ ባይበቃም ተቋሙ በራሱ ውሳኔ ክፍያውን ይሸፍንና በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ መጠኑ የማይለዋወጥ ፊ (የአገልግሎት ዋጋ) ይጥላል። የጎደለው 4 ዶላርም ይሁን 300፣ ፊው ያው ነው፤ በብዙ ቦታ ከ20 እስከ 35 ዶላር ይደርሳል። ዕዳውም ፊውም ቀጣዩ ደመወዝ እንደገባ ከላዩ ላይ ይነሳሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ካልተስማማ በቀር፣ በኤቲኤም ለሚወጣ ገንዘብና በደቢት ካርድ ለአንድ ጊዜ ለሚፈጸም ግዢ የኦቨርድራፍት ፊ ማስከፈልን ይከለክላል። ያልተስማማ ሰው ካርዱ አልሠራም ይለዋል እንጂ ምንም አይከፍልም። ብዙ ሰው ግን ይህን እንቢታ ለሁሉም ነገር የሚሠራ አድርጎ ይወስደዋል። ቼክ፣ በአውቶ ፔይ በቀጥታ ከሂሳብ የሚቆረጥ የመብራትና የኢንሹራንስ ክፍያ፣ በየወሩ በካርድ የሚታደስ ደንበኝነት፣ እነዚህ ሁሉ ከደንቡ ውጭ ናቸው፤ ተቋሙ ያለ ፊርማችሁ ሊሸፍናቸውና ፊ ሊያስከፍል፣ ወይም መልሷቸው ለመለሰበት ሊያስከፍል ይችላል። (አገር ቤት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ከዚያ የመጣ ሰው ቼክ ከሚመለስበት ማንኛውንም ፊ ቢከፍል ይመርጣል። እዚህ ሆን ተብሎ ለማጭበርበር ካልተደረገ በቀር የተመለሰ ቼክ መዘዙ በአብዛኛው ገንዘብ ነው።)

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን በሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብና ለወጪ ዝግጁ የሆነው ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። ቼኪንጉ ላይ 160 ዶላር ያለው የኡበር ሾፌር እንውሰድ። ማታ ቤንዚን ሲቀዳ ማደያው ስንት እንደሚቀዳ አስቀድሞ ስለማያውቅ 125 ዶላር ሆልድ ያደርጋል፣ ማለትም ለጊዜው ይይዛል፤ ሾፌሩ የቀዳው የ42 ዶላር ነው። ሆልዱ እስኪለቀቅ ድረስ ለወጪ ዝግጁ የሚባለው 35 ዶላር ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት የመኪና ኢንሹራንሱ 90 ዶላር በአውቶ ፔይ ይመጣል። ክሬዲት ዩኒየኑ የሚያየው ዝግጁውን ገንዘብ ከሆነ ኢንሹራንሱን በከርተሲ ፔይ ይሸፍንና 30 ዶላር ይጥልበታል። ሆልዱ ተለቅቆ ትክክለኛው 42 ዶላር ሲነሳ 28 ዶላር መትረፍ የነበረበት ሂሳብ ከዜሮ በታች 2 ዶላር ይወርዳል። ሂሳቡን ያጎደለው ፊው ራሱ ነው ማለት ነው። ለካርዱ «አልስማማም» ብሎ መፈረሙም አላዳነውም፤ የተቆረጠው ኢንሹራንስ ነውና።

ጉዳዩ የተራ አባላት ማጉረምረሚያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ የአገሪቱ ትልቁ ክሬዲት ዩኒየን ኔቪ ፌዴራል ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአባላቱ እንዲመልስና 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ አዝዞ ነበር። ክሱ ካርዱ ሲመታ በቂ ገንዘብ ይታይ ለነበረባቸው ሂሳቦች በኋላ ፊ መጣሉን፣ በዜልና በመሳሰሉት የገንዘብ መላኪያ መንገዶች የመጣ ገንዘብም የተወሰነ ሰዓት ካለፈ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን እንደማይገባ አለመግለጹን ይመለከታል። እሑድ ማታ የእቁብ ዕጣው በዜል ተልኮለት ወዲያው የሚያወጣ ሰው ይህን ልብ ይበል። ሆኖም በማግስቱ ዓመት ቢሮው ራሱ ትእዛዙን አነሳ፤ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ባላቸው ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ላይ የኦቨርድራፍት ፊን በ5 ዶላር ሊገድብ የነበረውን ደንብም ኮንግረሱ ሽሮት ሽረቱ በሜይ 2025 ተፈረመ። ስለዚህ በፊው መጠን ላይ ከዋሽንግተን የሚጠበቅ ጣሪያ ለጊዜው የለም።

እኔ የማየው ብልህ አደራረግ ቁጠባውን ከቼኪንግ ጋር ማያያዝ፣ እዚያም የአንድ ወር ኢንሹራንስ የምታህል ገንዘብ አለመንካት፣ ለካርዱ አለመስማማት፣ ቀጥሎም ከርተሲ ፔይ ከቼክና ከአውቶ ፔይ ላይም ይነሳልኝ ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሠራተኞች ካልተጠየቁ አይነግሩም። ሲነሳ ግን ክፍያው ሊመለስና ኢንሹራንሱ ሊቋረጥ እንደሚችል መታሰብ አለበት፤ ቁጠባው ላይ ምንም የሌለው ሰው የብድር መስመሩን ቢያመለክት ይሻለዋል። ቀደም ሲል ለካርዱ የተስማማ በፈለገ ጊዜ ስምምነቱን መሻር ይችላል። ፊ ከተቆረጠም በኋላ ቢሆን ደውሎ እንዲመለስ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ ሲመልሱ አይቻለሁ።