«ትንሽ ይነዝረኛል»

የምሠራው ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ከእስያ የሚመጡ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሰነድ መርምሬ «ይሸጥ» ወይም «አይሸጥ» የምለው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት 2400 የስልክ ቻርጀር ገባና «ይሸጥ» ብዬ ፈረምኩ። ወረቀቱ ምንም አልጎደለውም። የአምራቹ የተስማሚነት መግለጫ አለ፣ በኢ-ኤን 62368-1፣ ማለትም በአውሮፓ የደህንነት ደረጃ፣ የተሠራ የቴስት ሪፖርት አለ፤ ዕቃው ጀርባ ላይም የ«ሲ-ኢ» ምልክት፣ የሞዴል ቁጥር፣ የአምራቹና የእኛ ስምና አድራሻ ታትሟል።

ሽያጩ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ቻርጀሩን በፖስታ መለሰችው። «ስልኬን ተሰክቶ ሳለ ስነካው ትንሽ ይነዝረኛል» የሚል ብጣሽ ወረቀት አብሮት ነበር። እኔ አልደነገጥኩም። የምድር ሽቦ የሌላቸው፣ አራት ማዕዘን ውስጥ አራት ማዕዘን የተሳለባቸው ቻርጀሮች ውስጥ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ወገን ወደ ዝቅተኛው የምታገናኝ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ፣ አለች። በእሷ በኩል በሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ኮረንቲ የተነሳ ጠርዙ ብረት የሆነ ስልክ ሲዳሰስ ቅንጣት ንዝረት ሊሰማ ይችላል፤ ጤነኛ ዕቃም ያደርገዋል። ስለዚህ ገንዘቧ እንዲመለስላት አዝዤ ጉዳዩን ዘጋሁት።

ጋሼ ግን አልዘጉትም። ጋሼ የምላቸው ተመላሽ ዕቃ ክፍል የሚሠሩ፣ አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን በመብራት ሥራ ያሳለፉ የእኛው ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ሪፖርቱ አለ እኮ ጋሼ።»

«እኔ ስለ ሪፖርቱ አልጠየቅኩህም» አሉና ቻርጀሩን ሞርሳ ላይ አስረው በካቻቢቴ ፈለቀቁት።

ቦርዱን በአጉሊ መነጽር አየነው። በአንድ በኩል ከሶኬት የሚገባው 230 ቮልት አለ፤ በሌላ በኩል ሰው እጅ የሚደርሰው 5 ቮልት። ሁለቱን የሚለየው በመዳብ መስመሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ደረጃው ለ250 ቮልት፣ በተለመደው የቦርድ ዓይነት፣ 5 ሚሊሜትር ይፈልጋል። የጋሼ ካሊፐር 1.1 አሳየ። ያችኛዋ ካፓሲተርም ተራ ሰማያዊ ካፓሲተር ሆና ተገኘች። እዚያ ቦታ የሚገባው «ዋይ» የሚባለው ክፍል ነው፤ ሲበላሽ ሁለቱን ወገን እንዳያገናኝ ተደርጎ ይሠራል፣ በላዩም ላይ ይጻፍበታል። በእኛዋ ላይ ምንም አልተጻፈም። እሷ ሾርት ብታደርግ የሶኬቱ ኮረንቲ በቀጥታ ስልክ የያዘው ሰው እጅ ላይ ይደርሳል።

ሮጬ ሪፖርቱን አመጣሁ። መጨረሻው ላይ የተፈተሸው ዕቃ የውስጥ ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ያለው ቦርድ ሰፊ ክፍተት አለው፤ ትራንስፎርመሩም በቢጫ ቴፕ በደንብ ተጠቅልሏል። የሞዴል ቁጥሩ አንድ፣ ሆዱ ግን ሌላ። እነዚያን ገጾች ስፈርም ገልጬ ብቻ ነበር ያለፍኳቸው።

ከመጋዘን አምስት አምጥተን፣ መለያው ይችል እንደሆነ ለማየት፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል 3000 ቮልት ለአንድ ደቂቃ ለቀቅንባቸው። ሦስቱ ደቂቃው ሳይሞላ ወደቁ።

ብዙ ሰው የ«ሲ-ኢ» ምልክትን መንግሥት መርምሮ የሚሰጠው የጥራት ሜዳሊያ ይመስለዋል። አይደለም። ከ50 እስከ 1000 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ለሚሠሩ ዕቃዎች በወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ፣ በ2014/35 መሠረት፣ አምራቹ ራሱ ፈትሾ፣ ራሱ መግለጫ ፈርሞ፣ ራሱ ይለጥፈዋል። ፊደሎቹ ከተቀራረቡ «የቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው የሚለው ወሬ ደግሞ መሠረት የለውም፤ ሰው የፊደል ርቀት ሲለካ ውስጡን ማየት ይረሳል። አስመጪም ፖስታ አድራሽ አይደለም። ከጠረጠረ ገበያ ላይ ማዋል የለበትም፤ አደጋ ካለው ደግሞ ለአምራቹም ለተቆጣጣሪውም ማሳወቅ ግዴታው ነው። እኔ ይህን በቃሌ አውቀው ነበር።

በዚያው ቀን ሽያጩን አስቆምን፣ ለኔዘርላንድ የምግብና የሸቀጥ ደህንነት ባለሥልጣን አሳወቅን፣ ለገዙት 310 ሰዎች እየደወልን ንቀሉት አልን። አንድ አባት ስልኩን ሳይዘጋ ተነስቶ ሄደ፤ ቻርጀሩ የልጁ አልጋ ራስጌ ነበር። ፋብሪካው ሲጠየቅ ከፍተሻው በኋላ ወጪ ለመቀነስ ቦርዱን እንደቀየረ አመነ።

ወሬውን የሰማ አንድ ወዳጄ ደውሎ «ከሚጣል በርካሽ ስጠኝና አዲስ አበባ ልላከው» አለኝ። ልቤ ቆሰለ። አገር ቤት ያለውም ከዚህ ብዙ የማይለይ 220 ቮልት ነው፤ እዚያም ልጆች ስልክ ሰክተው ይተኛሉ። እምቢ አልኩ፤ ቻርጀሮቹ በኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማስወገጃ ሲፈጩም እዚያው ቆሜ ካርቶኖቹን ቆጠርኩ።

ዛሬ ከእያንዳንዱ ጭነት፣ ከተለያየ ካርቶን፣ ሦስት ዕቃ እናወጣለን። ጋሼ ይፈለቅቃሉ፣ እኔ የሪፖርቱን ፎቶ ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። ባለፈው ወር አንድ ጭነት በዚሁ ምክንያት ተመልሷል፤ ፎቶው ላይ ያለችው ፊውዝ ቦርዱ ላይ አልነበረችም።