ዝናብ የማያጥበው ድንጋይ

አስጎብኚ ማለት እንግዳ የጠየቀውን የሚፈጽም ሰው ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈና ክፍያው ከገባ የቀረው መንዳትና ማስተርጎም ነው ይላሉ። እኔ በዚህ መስማማት ያቃተኝ ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ አጠገብ ባለ አንድ ዋሻ ውስጥ ከገጠመኝ ነገር በኋላ ነው። ዋሻውን በስሙ የማልጠራው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ያኔ የምሠራበት ድርጅት ለሁለት አውሮፓውያን የሸጠው የጉዞ ፕሮግራም ላይ «ዋሻ ውስጥ ዓለት መውጣትና ፎቶ ማንሳት» የሚል መስመር ነበረበት። ለእንግዶቹ ዓለት መውጣት ስፖርት ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ነው። ጨዋ ሰዎችም ናቸው። አዋሽን አልፈን በጭሮና በገለምሶ አድርገን መቻራ እስክንገባ ድረስ አንድ ላስቲክ እንኳ በመስኮት አልወረወሩም፤ ሻይ ለመጠጣት በወረድንበት ሁሉ የኦሮምኛ ሰላምታ ይለማመዱ ነበር። ይህን የምናገረው ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ አንድ ባለጌ ቱሪስት በዓይናችሁ እንዳይመጣ ነው። ነገሩን ከባድ ያደረገብኝም የሰዎቹ ደግነት ነው።

የመቻራ ዋሻዎች በጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥር በተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ውኃ የቦረቦራቸው ናቸው። የዝናብ ውኃ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን ያሟሟል፤ የዋሻው ጣሪያ ላይ ደርሶ ጠብ ሲል ጋዙን ለአየሩ ይለቅቅና የተሸከመውን ኖራ እዚያው ያስቀምጣል። በዚህ ዓይነት ከጣሪያ ስታላክታይት ይወርዳል፣ ከወለል ስታላግማይት ይነሣል፣ ሁለቱ ከተገናኙ ዓምድ ይሆናሉ። በብዙ ዋሻዎች እድገቱ በሺህ ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መቻራ ላይ ደግሞ አንዳንዶቹ ስታላግማይቶች እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ የሚጨመር ንብርብር አላቸው። የጂኦሎጂ ምሁሩ አስፋወሰን አሥራት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ንብርብር እየቆጠሩና ኬሚስትሪውን እየመረመሩ የአካባቢውን የጥንት ዝናብ አጥንተዋል። የዝናብ መለኪያ ባልነበረበት ዘመን በልጉ መጣ ወይስ ቀረ የሚለውን መዝግቦ ያቆየልን ይህ ድንጋይ ነው።

የሚመሩን ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሸብ አድርገው ቀደሙ። መግቢያው በደረት ተስቦ የሚታለፍ ነው፤ ከዚያ ጣሪያው ከፍ ይልና አዳራሽ ይሆናል። በስተግራ ከጣሪያ እስከ ወለል የደረሰ ወፍራም ዓምድ ቆሟል፤ ከአጠገቡ መጋረጃ የሚባለው ስስ፣ የታጠፈ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ባትሪዬን ከጀርባው ባደርግበት ብርሃኑ ዘልቆ ቡኒና ነጭ መስመሮቹ ተለይተው ታዩ። ጫፉ እርጥብ ነበር፤ ገና በመሠራት ላይ ነው ማለት ነው።

ዓምዱ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀው እንግዳ ጠባብ ጫማውን አጠለቀ፤ ወገቡ ላይ ያሰረውን ከረጢት ከፍቶ እጁን የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ውስጥ ነከረና አንዴ አጨበጨበ። ነፋስ የሌለበት ቦታ ስለሆነ ዱቄቱ በግንባሩ ባትሪ ብርሃን ውስጥ ተንሳፍፎ ቀረ። ሽማግሌው ጥቂት አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«እጁን እንዳያልበውና እንዳያዳልጠው ነው ኦቦ።»

«ሲጨርስ ማን ያጥበዋል?»

ተረጎምኩለት። እንግዳው «ውጭ ሲሆንማ ዝናቡ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

ዓለት የሚወጡ ሰዎች ሥነ ምግባር የተወለደው ገደል ላይ ነው። ዱቄትህን አታብዛ፣ ቦልት (ገመድ የሚታሰርበትን ብረት) ድንጋዩ ላይ ያለ ምክንያት አትምታ፣ ዱካህን አትተው የሚሉ ደንቦች አሏቸው፤ ብዙዎቹም ያከብሯቸዋል። ግን እነዚህ ደንቦች ሁሉ ፀሐይ፣ ነፋስና ዝናብ በሰው ጥፋት ላይ እየሠሩ ይውላሉ ከሚል እምነት የተነሡ ናቸው። ዋሻ ውስጥ የሚያጥብ የለም። ዱቄቱ ይቀመጣል፣ የጫማው ጎማ የተወው ጥቁር ጭረት ይቀመጣል፣ ከወለሉ በጫማ የተወሰደው ጭቃ ነጩ ድንጋይ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። በባዶ እጅ መንካት እንኳ የቆዳችንን ቅባት ስለሚያስቀር ውኃው ያንን ቦታ እየሸሸ ይፈስሳል፤ ኖራው እዚያ ላይ መያዝ ያቅተዋል፣ ቦታውም እየዋለ እያደረ ይጠቁራል። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ያለው የካርችነር ዋሻ አስጎብኚዎች ጎብኚ በስሕተት የነካውን ቦታ ምልክት ያደርጉበትና በኋላ ይታጠባል። እኔ ይህን የነገርኩት እንግዳ ምክንያት አላጣም።

«ጣሪያው በችቦ ጥቀርሻ ጠቁሯል» አለ እያሳየኝ። «እዚያ ግድግዳ ላይ በከሰል የሰው ስም ተጽፏል። እኔ መዶሻም መሰርሰሪያም አልያዝኩም። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች እኔ ምን ለየኝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሽማግሌው ሳላለሳልስ ተረጎምኩላቸው። እኛ አስተርጓሚዎች ነገር እንዳይከር ብለን የምንቀንሰው ቃል ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ግን መቀነስ ሁለቱንም ወገን መናቅ ይመስለኛል። ሽማግሌው አሰቡና መለሱ።

«ችቦ ይዞ የገባው ፍየል ጠፍቶበት ነው። ጠላት አሳዶት የገባም አለ። እሱን ምን አሳደደው?»

ይህን መልሼ ሳልጨርስ ነው ነገሩ የሆነው። ሁለተኛው እንግዳ ካሜራውን ለማመቻቸት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሚዛኑን ሳተና ያንን መጋረጃ ጠርዙን ያዘ። ቀጭ አለ። ከክንድ የሚያንስ ቁራጭ እጁ ላይ ቀረ። የተሰበረበት ቦታ ከላዩ ይልቅ እጅግ ነጭ ነበር፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ውኃው ከአዲሱ ስብራት መንጠባጠብ ጀመረ። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። መኪናው ውስጥ ማጣበቂያ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።

በሌላ አገር የተሰበረ ስታላክታይት ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ መልሰው የሚተክሉ ሰዎች አሉ፤ ግን ቦታውን አጥርተው፣ ስብራቱን አዛምደው፣ ጊዜ ወስደው ነው። በጎማ ማጣበቂያ የሚሆን ነገር አይደለም። ይዞ መሄድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሽማግሌው «ከወደቀበት ሥር አስቀምጠው» አሉ፤ እኔም ደገፍኳቸው። አንድ ቀን አጥኚ ቢመጣ ቁራጩ የሚናገረው የየትኛው ድንጋይ አካል እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ነው። ፎቶ አንሥተን ከሥሩ አስቀመጥነው። ከዚያ ገመዱ ወደ ከረጢቱ እንዲመለስ ነገርኳቸው፤ ሁለቱም አልተከራከሩም። ቀድሞ ሲከራከረኝ የነበረው ጫማውን አውልቆ በካልሲው ከዋሻው ወጣ።

ክርክሩ የጠበቀኝ ማታ በስልክ ነው። አለቃዬ «ውል ገብተናል፣ ያልተፈጸመውን ገንዘብ መልሱ ቢሉን አንተ ነህ የምትከፍለው» አለኝ። ውሉን የገባነው ከእንግዶቹ ጋር እንጂ ከዋሻው ባለቤቶች ጋር እንዳልሆነ ነገርኩት። ፈቃድ ሰጡን የሚላቸው ሰዎች የሰጡት የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ስለመውጣት የጠየቃቸው የለም። ስልኩን ዘጋብኝ። እንግዶቹ በማግስቱ የአካባቢውን ወጣቶች ጠይቀን ባገኘነው ገላጣ ገደል ላይ ሲወጡ ዋሉ፤ ገንዘብም መልሱ አላሉም። ይሁን እንጂ ከድርጅቱ ጋር ብዙም አልቆየሁም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ተመራማሪም ስታላግማይት ቆርጦ ይወስዳል፤ ዓለት የሚወጣውን ከለከልነው፣ ለተመራማሪው ፈቀድንለት ማለት ነው? ልዩነቱ ለእኔ ያለው ጥቂት ወስዶ ለሁሉ የሚሆን እውቀት በመመለሱ፣ ደግሞም ጠንቃቃው አጥኚ አስቀድሞ ተሰብሮ የወደቀውን በመፈለጉ ላይ ነው። በገመድ የሚወጡ የዋሻ አሳሾችም አሉ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ በተለካው በሌቹጊያ ዋሻ አሳሾቹ አዲስ መተላለፊያ ለማግኘት ይወጣሉ። ግን በምልክት በተከለለ መስመር ብቻ ይረግጣሉ፣ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን ንጹሕ ድንጋይ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ያወልቃሉ። ለእነሱ መውጣቱ መንገድ ነው። ለፎቶና ለደስታ የሚወጣ ሰው ግን ሌላ ገደል አያጣም፤ ይህ መጋረጃ ግን ምትክ የለውም። እምቢ ለማለት ይህ ይበቃኛል።

ሕጉም ብዙ አይረዳንም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ከመሆኑ ተነሥቶ ነው። አክሱም ሐውልት ላይ እወጣለሁ የሚል እንግዳ ቢመጣ ማንም ይይዘዋል፤ ውኃ ብቻውን ያቆመው ዓምድ ላይ ለሚወጣው ግን የሚከለክለው ሰው እንጂ አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ እዚያ የሚኖረው ሕዝብ፣ ሁለተኛው እኛ እንግዳ ይዘን የምንሄደው ነን። የመቻራ ወጣቶች ከዋሻው ገቢ ማግኘት ይፈልጋሉ፤ መብታቸውም ነው። ሲያማክሩኝ የምነግራቸው አንድ መሄጃ መስመር ብቻ በገመድ እንዲከልሉ፣ ችቦ ማስገባት እንዲያስቀሩና የሚገባውን ሰው ቁጥር ጥቂት እንዲያደርጉ ነው። የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝቶ በ1963 ለሕዝብ የተዘጋው በጎብኚ ብዛት፣ በትንፋሽ ጭምር፣ ሥዕሎቹ በመጎዳታቸው ነው።

ስሙን ያልጠራሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። ካርችነርን እ.ኤ.አ. በ1974 ያገኙት ሁለት ወጣቶች፣ ጋሪ ቴነንና ራንዲ ተፍትስ፣ ጥበቃ እስኪገኝለት ድረስ ለ14 ዓመት ምስጢሩን ጠብቀው ነው በ1988 የአሪዞና ግዛት የተረከበው። ጥበቃ ያልተበጀለትን ዋሻ ስም ማሰራጨት በሩን ከፍቶ እንደ መሄድ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ከወራት በኋላ የዓምዱን ፎቶ፣ ማንም ያልወጣበትን፣ ሊያወጣው እንደሆነ ጽፎ ፈቃዴን ጠየቀኝ። የቦታውን ስምና የጂፒኤስ ነጥቡን እንዲያስቀር ለመንኩት። «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ብቻ አወጣው።