መጀመሪያ ያስተካከልነው በሩን ነው

የወጣቶች የአእምሮ ጤና ክፍልን እንዳስተባብር ስመደብ ከሁሉም አፍ የምሰማው ችግር አንድ ነበር፤ የባለሙያ እጥረት። እጥረቱ እውነት ነው። መዝገቡን ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ብዙዎቹ ወጣቶች አንዴ ብቅ ብለው በዚያው ይቀራሉ። ካርድ አውጥተው ባለሙያው ጋ ሳይደርሱ የሚጠፉም ነበሩ። ባለሙያ ቢጨመርልን እንኳ ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ ያሳያል። ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሞ የመጣ ልጅ ከደጃፍ ከተመለሰ፣ ዳግም የሚመጣው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቢሮዬን ትቼ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ልጅ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ሠራተኛዋ።

የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«አልሰማሁህም፤ ምን?»

ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ልጁ ዞር ብሎ አያቸውና «ራሴን ያመኛል» አለ። ወደ ተመላላሽ ሕክምና ተላከ። ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ፎርሙ ላይ «የመጣበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ መሙላት ግዴታዋ ነው። እኛም ያንን ቦታ ከፎርሙ ላይ አነሳነው። አሁን ለወጣቶች ስምና ዕድሜ ብቻ ትመዘግባለች። ምክንያቱ የሚጠየቀው በር ተዘግቶ ነው። ክፍሉንም ከሌሎች የወጣቶች አገልግሎቶች ጋር አንድ ኮሪደር ላይ አደረግነው፤ ማን ለምን እንደገባ አይታወቅም። ሰዓቱ ከትምህርት በኋላ ሆነ።

ከዚያ ወጣቶቹን ጠየቅን። «ምን ይሻሻል?» ብትሏቸው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሏችኋል። «ከቤት ከወጣሽ ጀምሮ እዚህ እስክትደርሺ የሆነውን ንገሪኝ» ስትሏቸው ግን ጉዱ ይወጣል። ከመካከላችን ግድግዳው በደማቅ ቀለም ይቀባ ያሉ ነበሩ። ልጆቹ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልተነፈሱም። የጨነቃቸው ሌላ ነው፦ ጎረቤት ያየኝ ይሆን? ስንት ሰዓት ልጠብቅ ነው? ለእናቴ ይነገራታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ አሠራር አስለወጠን። አሁን ምንም ከመጠየቃችን በፊት እንዲህ እንላለን፦ «የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ያኔም ለማን እንደምናገር አስቀድመን እንነጋገራለን።» ወላጆች መጀመሪያ ላይ ይቆጣሉ። አንዲት እናት «ሲስተር፣ የወለድኩት እኔ፣ ምስጢሩን የምታውቂው አንቺ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ዛሬ ካወጣሁት ነገ አፉን አይከፍትልኝም። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ሳልውል ሳላድር እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ለወላጆች የራሳቸው ጊዜ ሰጠናቸው። የልጁን ምስጢር ሳናወጣ፣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ እናወራለን።

ለድብርት ምርመራ ፒኤችኪው 9 የተባለውን መጠይቅ እንጠቀማለን። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ናቸው። ገና ከመግባታቸው ወረቀት ስትሰጧቸው ፈተና ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ካወራን በኋላ ነው የምናወጣው። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሐሳቡን እኛው እንዳናስገባበት» እያሉ ይዘሉት ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ግን በጥናት የታየ ነገር ነው። እርስ በርስ ተቀምጠን ጥያቄውን ጮክ ብለን ተለማመድነው። አፍ ላይ ሲከብድ ልጁም ይሰማዋል። «አዎ» ያለ ልጅ በዚያው ቀን ሳይታይ አይሄድም፤ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግና ለማን እንደሚደውል አብረን ጽፈን ነው የምንሸኘው። ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅም እናደርጋለን።

ባለሙያን በተመለከተ ከዚምባብዌ ተምረናል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ አግዳሚ ላይ ሰው እንዲያማክሩ ያደርጋል። እኛም ነርሶችንና ጥቂት ወጣቶችን ችግርን ነጥሎ መፍታት ላይ ያተኮረ ምክር አሠለጠንን። ከባዱ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ግን ሥልጠና ብቻውን ዋጋ የለውም። በየሳምንቱ የሚያዳምጣቸው ሰው ከሌለ አማካሪዎቹ ራሳቸው ይዝላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ቀድመው።

የቀጠሮ መልእክት ስንልክ የክፍሉን ስም አንጽፍም፤ ስልኩን ማን እንደሚያየው አይታወቅማ። «ሐሙስ 10 ሰዓት እንጠብቅሃለን» ይበቃል። የቀረ ልጅ ይደወልለታል። «ለምን ቀረህ?» አይባልም፤ «የትኛው ቀን ይመችሃል?» ነው።

ጨርሶ ያልተቃለለልን 18 ዓመት ሲሞላቸው የሚሆነው ነው። ልደቱ ሲደርስ ፋይሉ ወደ አዋቂዎች ክፍል ይሄዳል፣ ልጁ ግን አይሄድም። ሄድስፔስ የተባለው የአውስትራሊያ የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉትን በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያየው። እኛ እዚያ አልደረስንም። ለጊዜው ልጁን የሚረከበው የአዋቂዎች ክፍል ባለሙያ እኛ ጋ መጥቶ ልጁን ይተዋወቃል፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሦስታችን አብረን እንቀመጣለን። አዲሱ ባለሙያ በዚያ ሳምንት ተረኛ ከሆነ ግን ይህም አይሳካም፤ አሁን ከአዋቂዎች ክፍል ጋር የምንከራከረው በዚሁ ፕሮግራም ላይ ነው።