ግሩፑን ሳልበትን ውስጡ መግባት፦ የኢንክስኬፕ ስድስተኛ ሳምንቴ

ሰላም ጓዶች። ኢንክስኬፕ የሚባለውን የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም መማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አዲስ ነገር አልሳልኩም። የሳልኩትን መምረጥ፣ ግሩፕ ማድረግ (ቁራጮቹን እንደ አንድ ዕቃ አንድ ላይ ማሰር) እና ግሩፑን ሳላፈርስ ማስተካከል ላይ ብቻ ነው የቆየሁት። እስካሁን ከተማርኩት ሁሉ ሥራዬን በጣም የቀየረልኝ ይሄ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ስቲከር ነው። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና ቆልተው የሚሸጡ አንዲት ጎረቤታችን ለከረጢታቸው የሚለጠፍ አዘዙኝ። «የጅማ መሆኑ ከሩቅ ይታወቅ» አሉኝ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ሳልኩ፣ አጠገቡ ጀበና፣ ከፊቱ የቡና ፍሬ ክምር።

ሲያዩት ደስ አላቸው። ግን «ፍሬው ያልተቆላ መሰለ፣ ጠቆር ይበል» አሉ። እኔ ደግሞ ያኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ጂን ደጋግሞ ተጭኖ ሁሉንም መበተን። እያንዳንዱ ፍሬ ሦስት ነገር ነው፦ ሞላላው አካል፣ መሀሉ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ብርሃን ያረፈባት ትንሽ ነጭ። 24 ፍሬ ሲበተን 72 ቁራጭ ይሆናል። በርጩማውም ጀበናውም አብረው ተበተኑ። ቀለሙን ቀየርኩና በርጩማውን በማውስ ከብቤ ትንሽ ወደ ግራ ገፋሁት።

አንዱ እግር ቀርቷል። አላየሁትም። 60 ስቲከር ታተመ።

«ልጄ፣ ይሄ በርጩማ ሊወድቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ይቅርታ እትዬ» አልኩና ከኪሴ ከፍዬ በድጋሚ አሳተምኩ። በጣም ነው ያዘንኩት። በርጩማውን ባለሙያው ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ነው የሚያወጣው፤ መጋጠሚያ የለውም፣ እግሩ ተነጥሎ አይቀርም። የእኔ ስዕል ግን መቀመጫው፣ ጠርዙና ሦስቱ እግሮቹ ለየብቻ ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው ግሩፑ ብቻ ነው።

እግሩ ለምን ቀረ? ኢንክስኬፕ ላይ በማውስ ስትከብቡ የሚመረጠው ማውሱ በሚሠራው ሳጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባው ብቻ ነው። የእግሩ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። መንካት ብቻ እንዲበቃ ከፈለጋችሁ ምንም ሳትመርጡ ኦልትን ይዛችሁ ጎትቱ፤ ቀይ መስመር ይወጣል፣ መስመሩ የነካው ሁሉ ይመረጣል።

ትልቁ ነገር ግን ግሩፕ ውስጥ መግባት ነው። ግሩፑን ዳብል ክሊክ አድርጉ፣ ገባችሁ ማለት ነው። ውስጥ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤ ብትጫኑ የሚመረጠው የዚያ ግሩፕ ዕቃ ብቻ ነው፤ ጀበናው አይነካም። ኢለስትሬተር በሚባለው ሌላ የመሳያ ፕሮግራም ላይ የምትሠሩ ይሄንን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ሌላው ስዕል ይደበዝዛል፣ በኢስኬፕ ትወጣላችሁ። ኢንክስኬፕ ግሩፕ ውስጥ መሆናችሁን የሚነግራችሁ ከታች ባለው መስመር ስለሆነ ዓይናችሁን እዚያ ላይ አድርጉ። እኔ መግባቴን ረስቼ ቅጠል ሳልኩ። በኋላ ክምሩን ሳነሳው ቅጠሉም አብሮ ተነሳ። ውስጥ ሆናችሁ የምትስሉት አዲስ ነገር የግሩፑ አባል ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ለመንካት መግባትም አያስፈልግም። ኮንትሮልን ይዞ ክሊክ ማድረግ ግሩፑን አልፎ ቁራጯን ይመርጣል። አሁን የፍሬ ቀለም ስቀይር አንዱን ፍሬ እንደዚያ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ኤዲት ሜኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ምረጥ የሚለውን እጫናለሁ። 24ቱም ይመረጣሉ፣ ግሩፑም እንዳለ ነው። የበርጩማው ቡናማ ከፍሬው ትንሽ እንዲለይ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው፤ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይመረጥ ነበር።

ስለ ጥላም ልንገራችሁ፣ ይሄ በጣም አስደስቶኛል። የመቀመጫውንና የእግሮቹን ጥላ እንዲሳሳ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) ለየብቻ 40 በመቶ አድርጌው ነበር። የተደራረቡበት ቦታ ጠቁሮ እድፍ መሰለ። ሁሉንም ወደ 100 መልሼ ግሩፕ አደረግኳቸውና 40ውን ለግሩፑ ሰጠሁት። አንድ ወጥ ጥላ ሆነ።

አሁን ግሩፕ የማደርገው አብሮ የሚነሳውን ነው። ፍሬው ለብቻው፣ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ክምር፣ ክምሩ ከነጥላው። ቀኝ በኩል ባለው የሌየር (የስዕል ንብርብር) እና የዕቃዎች ዝርዝር ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም እሰጣለሁ፤ «በርጩማ»፣ «ጀበና»፣ «ክምር»።

እትዬ ትናንት ላልተቆላ ቡና የሚሆን ሁለተኛ ስቲከር አዘውኛል። ፍሬዎቹን አረንጓዴ አድርጌ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት የበርጩማውን እግሮች አንድ በአንድ አያለሁ።