ሁለት ዙር የጎደለው ድምፅ

ዛሬ ከሰዓት ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ተጫነኝ። ጥቅምት ገብቶም የጅማ ዝናብ አልለቀቀንም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያሰማማም። ጋብ ሲል የተሰጣውን ልብስ ልይ ብዬ ተነሳሁ። ሳሎን ሳልፍ ዓይኔ የአባዬ ማጫወቻ ላይ አረፈና እዚያው ቁጭ አልኩ።

ትንሹን የጥላሁንን ሸክላ አስቀመጥኩ፤ አባዬ መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ስሙን የጻፈበትን። መርፌው አረፈ፣ ትንሽ ቸስ ቸስ አለ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ። ሲያልቅ ያንኑ ዘፈን በስልኬ ከፈትኩ። የስልኩ ጥላሁን ይቸኩላል፤ ድምፁም ቀጠን ይላል።

ጥፋቱን ሁልጊዜ በዲጂታሉ ነበር የማላክከው። ከድሮዎቹ ዘፈኖች ከሸክላው ላይ በቀጥታ የተቀዱ አሉ፤ የመርፌውን ኮሽታ ለማጥፋት ሲያጸዱት የሲምባሉንም ጥራት አብረው ይወስዱታል። ግን በልኬት ከሄድን ሸክላ አያሸንፍም። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለሰው ጆሮ ይበቃል። ሸክላ ላይ ደግሞ መርፌው ወደ መሃል በገባ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይደፈርሳል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጆሮዬ ወደ አባዬ ሸክላ ነው የሚያደላው። ለምን?

ሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ። የስልኬን ሰዓት ይዤ ወረቀቷ በፊቴ ስታልፍ ቆጠርኩ። በደቂቃ 45 መዞር ነበረበት። 43 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 43። ሸክላውን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ላልቷል። ሁለት ዙር ትንሽ ይመስላል እንጂ ዘፈኑን ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ዝቅ ያደርገዋል።

ቺንጋው ተቀይሮ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ያደግሁበት፣ ያ ወፍራምና እርጋታ ያለው ድምፅ ከጥላሁን ጉሮሮ የወጣ አልነበረም ማለት ነው። የላላ ጎማ የሠራው ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ዝም አለች፣ ከዚያ «አባዬ ጢሙን ሲላጭ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። ትዝ ይለኛል። እሁድ ጠዋት፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ መስተዋቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ከሸክላው ጋር ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ ወፍራም ስለነበር ልክ ይገጥምለታል። በ43 ዙር ነው የገጠመለት። በ45 ቢሆን ኖሮ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይደርስ ነበር?

መርካቶ ያለው ሬዲዮ ሠሪ ቺንጋ አለው፣ አምጣው ብሎኛል። ቢቀየር ጥላሁን የራሱን ድምፅ ያገኛል፤ ይገባዋልም። የአባዬ እንጉርጉሮ ግን ከየትኛው ዘፈን ጋር ይገጥማል? እህቴ «አንተ እዚያው ነህ፣ አንተ ወስን» ብላ ዘጋችው።

ነገ ልውሰደው?